ሰው ቆጣሪውና ባለሾርባዋ

«እጅህን ከኪስህ አውጣ!»

ይህን ያለችው ጎረቤቴ ባለሾርባዋ ናት። ጭልፋዋን እንደያዘች ከመሸጫዋ ወጥታ፣ ጥግ ላይ ለብቻው የተቀመጠ ሰውዬ ፊት ቆማለች። ሰውየው ቀኝ እጁ ኮቱ ኪስ ውስጥ ነው። ዕድሜው ሃምሳን አለፍ ያለ፣ ኮቱ አሮጌ ግን በሥርዓት የተተኮሰ። ፊቱ ቲማቲም መስሏል።

«እመቤት፣ ምን አጠፋሁ?»

«ምን አጠፋሁ ይለኛል እንዴ! ሦስት ቀን ሙሉ አይቼሃለሁ። ሴት ባለፈች ቁጥር ኪስህ ውስጥ ቀጭ ይላል። ምንድነው እሱ? ፎቶ ነው የምታነሳው?»

«ወንድ ሲያልፍም ቀጭ ይላል እኮ» አለ ሰውየው ቀስ ብሎ።

«ጭራሽ!»

እኔ መርፌዬን ጨርቁ ላይ ሰክቼ ወጣሁ። ገላጋይ ያስፈልጋል ብዬ... እሺ፣ ውሸቴን ነው። ኪሱ ውስጥ ያለውን ነገር ለማየት ነው የወጣሁት።

ሰውየው እጁን አወጣ። መዳፉ ላይ እንቁላል የምታክል የብረት ዕቃ ተቀምጣለች። አናቷ ላይ በአውራ ጣት የሚጫኗት ነገር አለች፤ ፊቷ ላይ ደግሞ በጠባብ መስኮት ቁጥር ይታያል። ሰማንያ ስምንት ይላል።

«መቁጠሪያ ናት» አለ። «ወደዚህ ፎቅ የሚወጣውን ሰው እቆጥራለሁ። ሥራዬ ነው።»

«ሰው መቁጠር ሥራ ነው?»

«ሥራ ነው።»

«ለምንድነው የሚቆጠረው?»

«ለጥናት» አለ፣ መሬት መሬት እያየ።

ባለሾርባዋ መቁጠሪያዋን አየች፣ እሱን አየች፣ ጭልፋዋንም አየች። ጭልፋዋን ለምን ይዛ እንደመጣች አሁን ገና የገረማት መሰለኝ።

«እኔንስ ቆጥረኸኛል?»

«የለም። ሠራተኛ አይቆጠርም።»

«እሱስ ደግ ነው!» ብላ ወደ ድስቷ ተመለሰች።

እኔና ማዶ ጭማቂ የሚሸጠው ባለጭማቂው ተያየን። ምክንያቱም ሴትዮዋ ስትመለስ በልብስ ማስተካከያ ክፍሌ መስታወት ፊት ነው ያለፈችው፤ ስታልፍም ሻሿን አስተካከለች። ይህቺ ሴት ሻሽ ስታስተካክል ካየሁ አሥራ ሁለት ዓመት አልፎኛል።

የምንሠራበትን ሕንጻ ላሳያችሁ። መሃል ከተማ ያለ የገበያ ሕንጻ ነው። በደጉ ጊዜ ሰው ኤስካሌተሩ ላይ ለመቆም ብቻ ከሩቅ ሰፈር ይመጣ ነበር። አሁን ኤስካሌተሩ መንቀሳቀስ ካቆመ አራት ዓመት ሆኖታል፤ በእግራችን እንወጣበታለን፣ ጉልበታችንም ይረግመዋል። ሦስተኛው ፎቅ የምግብ አዳራሽ ነው። አሥራ አንድ መሸጫዎች ነበሩ፤ ዘጠኙ የብረት በራቸውን አውርደው ሄደዋል። ከላይ የተሰቀሉትን የምግብ ፎቶዎች ፀሐይ በልቷቸው ሁሉም ሰማያዊ ሆነዋል። ሰማያዊ ዶሮ፣ ሰማያዊ ድንች፣ ሰማያዊ ኬክ። ወንበሮቹ ከጠረጴዛው ጋር በብሎን የታሰሩ ናቸው፤ ወፍራም ከሆናችሁ አትገቡም፣ ቀጭን ከሆናችሁ ምግቡ ይርቃችኋል። ዝናብ ሲጥል ባልዲ እናስቀምጣለን። የት የት እንደሚያፈስ በቃላችን እናውቀዋለን።

የቀሩት ባለሾርባዋና ባለጭማቂው ናቸው። መስኮቱ ሥር ደግሞ ጡረተኞች በየቀኑ መጥተው ይውላሉ። እኔ ደግሞ ከአዳራሹ ጫፍ ልብስ የማስተካክልባት የመስታወት ክፍል አለችኝ። ሱሪ አሳጥራለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ፣ የወፈረውን ሰው ወገቡን አሰፋለታለሁ። ሥራዬ ዓይን እንጂ ጆሮ አይፈልግም። ስለዚህ ጆሮዬ ሁልጊዜ ነፃ ነው።

ባለሾርባዋ ባሏ «ደርሼ እመጣለሁ» ብሎ ሄዶ አሥራ ሁለት ዓመት ሳይደርስ የቀረባት ሴት ናት። ፍቺዋን በፍርድ ቤት ጨርሳ፣ ልጇን በሾርባ አሳድጋ ድራለች። መሸጫዋ ቤቷም፣ ጓደኛዋም፣ ኩራቷም ነው። ስትቆጣ ኃይለኛ ናት። ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ተራ ቁጣ ሲሆን አንተ ትላለች። እርስዎ ማለት ከጀመረች ያኔ ነው መሸሽ!

በማግስቱ ሰውየው ምሳ ሰዓት ላይ ሾርባ ሊገዛ ቀረበ። እኔ የሴት ቀሚስ ጫፍ እየቀመቀምኩ ነው።

«ዛሬስ ስንት ሆንን?» አለችው፣ እንደማያገባት ሆና።

«እስካሁን ሰባ ሁለት።»

«ሰባ ሁለት ሰው ምን ሊሠራ ነው እዚህ የሚወጣው? እኔ ጋ የመጡት ሠላሳ አይሞሉም።»

«እኔም ያ ነው የሚገርመኝ» አለ፣ ፊቱ በራ። «አንድ ሽማግሌ አሉ። በየቀኑ ይመጡና የተዘጉትን ቤቶች ሜኑ ከላይ እስከ ታች ያነባሉ። ዘጠኙንም። ከዚያ ይወርዳሉ።»

«የተዘጋ ቤት ሜኑ ምን ያደርግላቸዋል?»

«እኔ እንጃ። ምናልባት... ድሮ ከሆነ ሰው ጋር እዚያ ይበሉ ነበር።»

የባለሾርባዋ ጭልፋ አየር ላይ ቀረ። ከዚያ ሳትጠየቅ ሌላ ጭልፋ ጨመረችለት።

እንዲህ ሆነ የየቀኑ ነገር። እሱ ሰው ይቆጥራል፣ እሷ ትጠይቀዋለች። ዛሬ ማን መጣ? ሁለቱ ወጣቶች ተኮራርፈው ወጡ ወይስ ታርቀው? አረንጓዴ ካፖርት የለበሰችው ሴትዮ ለምንድነው ሁለት ጊዜ ወጥታ ሳትቀመጥ የምትወርደው?

«ሰው ቀጥራ ይሆናል» ትላለች ባለሾርባዋ።

«ሁለት ሳምንት ሙሉ የሚቀር ሰው?»

«አሥራ ሁለት ዓመትም የሚቀር አለ።»

ይህን ስትል ጭልፋዋን ድስቱ ውስጥ ከተተች። እኔም ማሽኔን አቆምኩ። ቆጣሪው — እንዲህ ነው የምንጠራው — ኮፍያውን ጠረጴዛው ላይ አዟዟረና፣

«እኔ አግብቼ አላውቅም» አለ። «ሠላሳ ዓመት ሲኒማ ቤት በር ላይ ቲኬት ስቆርጥ ኖርኩ። ሰው ሁሉ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ሲገባ እኔ በር ላይ ነኝ። ሲኒማ ቤቱ ሲዘጋ ቀና ብዬ ባይ... ፀጉሬ ሸብቷል።»

«ሽበት ያምርብሃል» አለች ባለሾርባዋ። ካለች በኋላ ደነገጠች። «ለሥራህ ማለቴ ነው! ሰው ያከብርሃል።»

ባለጭማቂው ከወዲያ ማዶ ሳቁን ለመደበቅ ባዶውን የጭማቂ ማሽን አስነሳ።

ነገሩ የተበላሸው በቆጠራው ሃያ ሦስተኛ ቀን፣ በእኔ ምክንያት ነው። የሕንጻው አስተዳዳሪ የሱሪውን ወገብ እንዳሰፋለት ልኮልኝ ነበር። በእኛ ሙያ ልብስ ከመፈታቱ በፊት ኪስ ይፈተሻል፤ የተገኘው ነገር ፖስታ ውስጥ ይገባና በመርፌ ከልብሱ ጋር ይያያዛል። ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት ወጣ። ሳላነበው ፖስታ ውስጥ ከተትኩት ብላችሁ ማን ያምነኛል? አነበብኩት።

«በወሩ መጨረሻ ወደ ሦስተኛ ፎቅ የሚወጣው ሰው በቀን በአማካይ ከሁለት መቶ በታች ከሆነ፣ ፎቁ ተዘግቶ መጋዘን ይሆናል። ቆጠራው እስኪያልቅ ለተከራዮች እንዳይነገር።»

 ሄጄ ለባለሾርባዋ ነገርኳት። አልጮኸችም። ጋዙን ዝቅ አደረገች፣ እጇን በሽርጧ ጠረገች፣ ጥግ ወዳለው ጠረጴዛ ሄደች።

«እርስዎ» አለችው።

ወይ ጉድ፣ አልኩ በልቤ።

«እርስዎ ያውቁ ነበር?»

ቆጣሪው ከወንበሩ ሊነሳ ሲል ብሎኑ ያዘው። ግማሽ ቆሞ ግማሽ ተቀምጦ ቀረ።

«አውቅ ነበር» አለ።

«ሾርባዬን እየጠጡ?»

«እንዳልናገር ቃል አስገብተውኛል። ደግሞ... ቁጥሩ ይወጣል ብዬ ነበር። በየቀኑ ጠዋት ዛሬ ይወጣል እላለሁ።»

«ስንት ደረሰ?»

«መቶ ስድሳ ሦስት። በአማካይ።»

ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አለች። ድምፅዋ ዝቅ አለ። እንዲያ ስትለማመጥ አይቻት አላውቅም።

«ይጫኗት» አለችው። «መቁጠሪያዋ በእጅዎ ናት። በቀን ጥቂት ጊዜ ብቻ ይጨምሩ። ማን ያያል?»

«እኔ አያለሁ።»

«ሃያ ዓመት የሠራሁበት ቤት ነው! ሌላ ቦታ የለኝም። ከዚህ ወጥቼ ምን እንደምሆን ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ» አለ። ዓይኑ ውኃ ሞላ። «ሌሊቱን ሙሉ እሱን ነው የማስበው። ግን ያልመጣ ሰው መጣ ማለት... አልችልም። ሠላሳ ዓመት አንድ ቲኬት አላጭበረበርኩም። ከዚህ ሌላ ምንም የለኝም እኮ።»

«እንግዲያው ቤቴን በአውራ ጣትዎ ይዝጉት» ብላው ተመለሰች።

ያን ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ሲቀርብ «አልቋል» አለችው። ድስቱ ሙሉ ነው፤ እንፋሎቱ ፊቷን ሸፍኖታል። እሱም አየ፣ «እሺ» አለ፣ ጥግ ሄዶ ደረቅ ዳቦ በላ። እኔ ግን ልክ መሆኑንም አለመሆኑንም መወሰን አቃተኝ። አንዴ እሱን ልመታው ያምረኛል፣ አንዴ ላቅፈው።

እና እጄን አጣጥፌ አልተቀመጥኩም። በማግስቱ ጠዋት ከባለጭማቂው ጋር ተማከርን። ከታችኛው ፎቅ ያሉትን ባለሱቆችም አስተባበርን። ወርደን እንወጣለን፣ ወርደን እንወጣለን! እኔ መጀመሪያ በራሴ ሻሽ፣ ከዚያ በደንበኛ ኮት፣ ከዚያ መነጽር አድርጌ፣ በአራተኛው ላይ ትንፋሼ ተቆርጦ ቆጣሪው አጠገብ ስደርስ፣

«እትዬ፣ ትንሽ ይረፉ» አለኝ። «አራተኛዎ ነው። ኮቱ ደግሞ ከኋላው መርፌ አለበት፣ እንዳይወጋዎት።»

«አልቆጠርከኝም?»

«ሠራተኛ አይቆጠርም እኮ።»

ተናደድኩ። ላቤ እየተንጠባጠበ ወደ መስኮቱ ጠቆምኩ። መስኮቱ ሥር ጡረተኞቹ እንደልማዳቸው ሞልተው ተቀምጠዋል። ቼዝ ይጫወታሉ፣ አንድ ጋዜጣ ለአምስት ያነባሉ፣ በአንድ ሾርባ እስከ ማታ ይከራከራሉ።

«እነዚያን ግን ትቆጥራቸዋለህ አይደል?» አልኩት፣ ለነገር ያህል። «እኔ አራት ጊዜ ወጣሁ፤ እነሱ አንድ ጊዜ ወጥተው ነው የሚውሉት።»

«እነሱንማ አልቆጥራቸውም።»

«ምን አልክ?»

«በየቀኑ መጥተው የሚውሉ ናቸዋ። እኛ ሲኒማ ቤት በየቀኑ የሚመጡ የሰፈር አዛውንቶች ነበሩ፤ ቲኬት አይቆረጥላቸውም፣ አይቆጠሩም። ቤተሰብ ናቸው። እነዚህም ከእኔ ቀድመው ይመጣሉ፣ ከእኔ በኋላ ይሄዳሉ፣ ወንበራቸውን ያውቃሉ... እንግዳ ሆነው አልታዩኝም።»

ከኋላችን ጭልፋ ሲወድቅ ሰማን። ባለሾርባዋ ቆማለች።

«ስንት ናቸው?» አለች።

ቆጣሪው ማየት እንኳን አላስፈለገውም።

«አርባ አንድ።»

«ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አልተቆጠሩም?»

«አልተቆጠሩም።»

«አስተዳዳሪው እንዳይቆጥሯቸው ብሎዎታል?»

«ሠራተኛ አትቁጠር ነው ያለኝ...» ብሎ ጀመረና አፉን እንደከፈተ ቀረ። ሲገባው አየሁት። ሠላሳ ዓመት በር ላይ የቆመበት ልማድ፣ ያችን መቁጠሪያ ከመጨበጡ በፊት ጣቱ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል። ቀስ ብሎ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። «ሃያ አራት ቀን... ሃያ አራት ቀን ተሳስቻለሁ።»

ባለጭማቂው ጣቱን እያጠፈ ደመረና «ሁለት መቶ አራት!» ብሎ ጮኸ። ከጡረተኞቹ አንዱ «ፀጥታ! ንጉሤ አደጋ ላይ ነው» አለ፣ ከቼዙ ቀና ሳይል።

ባለሾርባዋ እየሳቀች ነው፣ እያለቀሰችም ነው። «በሉ እንግዲህ ይጨምሯቸው! አሁን ይጨምሯቸው!»

«መጨመር አይደለም» አለ ቆጣሪው ተነስቶ። ኮቱን ቆለፈ። «ለአስተዳዳሪው መናገር አለብኝ።»

«ምን ብለው?»

«መቁጠር አልቻልኩም ብዬ።»

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ቆጠራው በደንብ ካለቀ የሕንጻውን ዋና በር ቋሚ ሥራ ሊሰጠው አስተዳዳሪው ቃል ገብቶለታል። ራሱ ቆጣሪው ነበር ለባለሾርባዋ የነገራት፣ በአንድ ምሳ ሰዓት፣ እንደ ሕፃን ደስ ብሎት። በር ላይ መቆም ነው የሚያውቀው።

«ያባርርዎታል» አለችው።

«ያባርረኝ።»

«በቃ ዝም ይበሉና ቁጥሩን...»

«ዝም ብዬ ብጨምረውማ እውነቱም ውሸት ይመስላል።»

ሁለት እርምጃ ሄደ።

«ቁም!» አለችው።

ቆመ።

«ሾርባህን ጠጥተህ ሂድ» አለች። «ምሳህን ሳትበላ የት ትሄዳለህ?»

አንተ ብላዋለች! ሹልክ ብዬ ወደ ክፍሌ ገባሁ፤ ግን በሩን አልዘጋሁትም። ቆሞ ጠጣ። እሷም ፊት ለፊቱ ቆማ ጠበቀችው።  ሳህኑን ሲመልስ ጣቶቻቸው ተነካኩ፤ ሳህኑም እዚያው ትንሽ ቆየ።

አስተዳዳሪው እንደፈራነው አባረረው። ግን አስተዳዳሪው ብልጥ ነው፤ «እስካሁን የተቆጠረው ሁሉ ዋጋ የለውም፤ የቀሩትን ስድስት ቀናት ራሴ ቆጥሬ እወስናለሁ» አለ። የእያንዳንዳችንን መልክ ስለሚያውቅ እኔም ሻሽ መቀያየሩን ተውኩት። ቆጣሪው ሦስተኛ ፎቅ እንዳይወጣ ታገደ።

እነዚያ ስድስት ቀናት ስድስት ወር ነበሩ። አስተዳዳሪው ባሰፋሁለት ሱሪ ጥግ ላይ ተቀምጦ ቀጭ፣ ቀጭ ያደርጋል። በመጀመሪያው ቀን ሁለት መቶ ዘጠኝ። በሁለተኛው ሁለት መቶ አሥራ ስድስት። በአምስተኛው ቀን ዝናብ ጣለ፤ ባልዲዎቹ ሞሉ፣ ሰው ግን መቶ ሰባ ላይ ቆመ። ያን ቀን ባለሾርባዋ ካሮት በቆረጠች ቁጥር ቀና ብላ ደረጃውን ታይ ነበር።

ቆጣሪው ታች፣ የቆመው ኤስካሌተር ሥር፣ በየቀኑ ቆሞ ይውላል። ማንም አልቀጠረውም። ምሳ ሰዓት ሲሆን ባለሾርባዋ ጎድጓዳ ሳህኑን በሁለት እጇ ይዛ ያን ሁሉ ደረጃ ትወርዳለች። አንድ ቀን ክር ልገዛ ስወርድ አጠገባቸው አለፍኩ። ጆሮዬ ነፃ ነው ብያችኋለሁ።

«ለምን አትሄድም? ሥራ አትፈልግም?»

«አረንጓዴ ካፖርት ለባሿ ለምን እንደምትወጣ ጠይቄ አወቅኩ። ልነግርሽ ነው።»

«ለምንድነው?»

«ጉልበቷ ታሞ ነበር። ሐኪም ደረጃ ውጪ ውረጂ ብሏት ነው።»

ባለሾርባዋ ሳቀች። ሃያ ዓመት አብሬያት ስሠራ እንዲህ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም፤ ድምፅዋ እስከ ሦስተኛ ፎቅ ወጣ። «እኛ ደግሞ ፍቅር ነው ብለን!»

«ፍቅርማ...» አለ ቆጣሪው። ቀሪውን አልጨረሰውም። እሷም ጨርሰው አላለችውም። ሳህኑን ተቀብላ ወጣች፤ ደረጃውን ስትወጣ ግን ሁለት ጊዜ ዞር ብላ አየችው።

በስድስተኛው ቀን ማታ አስተዳዳሪው ወረቀቱ ላይ ደምሮ አካፈለ። ደግሞ ደመረ። ከዚያ በኩርፊያ «ሁለት መቶ ሦስት» አለ። «አዳራሹ አይዘጋም።» በሦስት ሰው! ባለጭማቂው አቀፈኝ፤ እኔ አስተዳዳሪውን ላቅፍ ስል ሸሸኝ። ባለሾርባዋ ግን የለችም። በባዶ እጇ ወደ ታች እየሮጠች ነበር።

ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም። ደረጃው ረጅም ነው፣ ጉልበቴም እንደምታውቁት ነው። ስደርስ ግን ኮፍያው መሬት ላይ ወድቆ፣ ፊቷ ኮቱ ላይ ነበር።

ቆጣሪው ከዚያ ወዲህ ከመሸጫዋ ጀርባ ነው የሚሠራው፤ ሽንኩርት ሲልጥ ያለቅሳል፣ ደንበኛ ሲመጣ ግን እንደ ሲኒማ ቤት በር ቀጥ ብሎ ይቀበላል።

ባለፈው ሰኞ ደግሞ ከጡረተኞቹ አንዱና እኔ ምስክር ሆነን ወደ ጋብቻ መዝጋቢው ቢሮ ሄድን። መዝጋቢዋ ወጣት ናት፤ ከጠዋት ጀምሮ ሙሽራ ስታፈራርም ደክሟታል። ቆጣሪውን «በፈቃድዎ ነው?» ስትለው ቀጥ ብሎ ቆሞ «በሙሉ ልቤ!» አለ። እኔ እንባዬ መጣ። ቀጥላ ወደ ባለሾርባዋ ዞረች። ባለሾርባዋ ዓይኗን ከግድግዳው ሰዓት ላይ አላነሳችም።

«እርስዎስ እመቤት፣ ይህን ሰው ለማግባት በእርግጥ ፈቃደኛ ነዎት?»

«ድስት ጥጄ ነው የመጣሁት፤ ሌላ ምን ማስረጃ ትፈልጊያለሽ?»